ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር በልክ፦ ለአስኮ ተማሪዎች ማብራሪያ

ከአስኮ ተነስቶ መርካቶ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም ድረስ ሄዶ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ኮር አይ ሰቨን አለን፣ የፈለግከውን ያጫውትሃል።» ይህ ግማሽ እውነት እንኳ አይደለም። ኮር አይ ሰቨን የሚለው ስም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየትውልዱ ሲለጠፍ ኖሯል። በ2013 የወጣውን ኮር አይ 7 4770፣ በ2022 የወጣው ትንሹ ኮር አይ 3 12100 ጌም ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩን «ስንተኛ ጄኔሬሽን?» ብላችሁ ጠይቁት። ለስሙ ልትከፍሉት የነበረውን ትርፍ ብር ደግሞ ለግራፊክስ ካርድና ለፓወር ሰፕላይ አስቀምጡት።

ስክሪኑ ይቅደም

ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ቤት ያለውን ስክሪን እዩ። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስል አለው። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል እንዲያሳያችሁ ከፈለጋችሁ፣ ካርዱ በየሰከንዱ ከ124 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ማዘጋጀት አለበት። ከቢሮ የወጡ ትንንሽ ስክሪኖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ናቸው፤ የካርዱ ሥራ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 2560 በ1440 ሲሆን ግን ሥራው በ78 በመቶ ይጨምራል። መካከለኛ በጀት ያለው ሰው 1920 በ1080 ላይ ይርጋ። ፎር ኬ የሚባለውን ለጊዜው እርሱት።

ካርዱ

ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው፣ ቢቻል ትንሽ ከፍ ያለው፣ እዚህ ይግባ። አዲስ ወይም ብዙ ያልተሠራበት ከሆነ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ አርኤክስ 6600 ነው። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ የሚበላው ኃይል 132 ዋት ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 12 ጊጋባይት አለው፣ 170 ዋት ይበላል፤ ከጌም ሌላ በብሌንደር የ3ዲ ሥራ ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ለምትሠሩ ይሻላል። የዚህን ካርድ ባለ 8 ጊጋባይት ዓይነት ካቀረቡላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ያነሰው ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱም ነው። አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ይሠራል፤ አግኝታችሁ ዋጋው ከቻላችሁት ግዙት። ከዚያ ዝቅ ሲል ዩዝድ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር አለ፦ 6 ጊጋባይት፣ 125 ዋት።

የዩዝድ ገበያው ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው አርኤክስ 580 ነው። ትክክለኛው 2304 የስሌት ክፍሎች አሉት። በኋላ የመጣውና ከስሙ አጠገብ 2048 የተጻፈበት ግን በባሕርዩ አርኤክስ 570 ነው። እንደ 570 ከተሸጠ ክፉ ካርድ አይደለም፤ በ580 ዋጋ ግን አትውሰዱት። ሁለተኛው ፒ106 የሚባለው ነው። ይህ ለክሪፕቶ ማይኒንግ ብቻ የተሠራ የኤንቪዲያ ካርድ ስለሆነ የስክሪን ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ርካሽ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ዋጋን በብር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አልፏል። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ በዶላር የሚገቡ በመሆናቸው የዛሬ ወር የሰማችሁት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ስትነጻጽሩ ሱቅን ከሱቅ፣ በአንድ ቀን አነጻጽሩ። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለም ኬዝና ስክሪን አታሸክሙት። ሻንጣ ውስጥ ቦታ ሳይዙ ዋጋ የሚያወጡት ካርድና ፕሮሰሰር ናቸው።

ፕሮሰሰር

እዚህ ላይ አልቆይም። ኮር አይ 5 12400ኤፍ ወይም ራይዘን 5 5600 ከላይ ለጠቀስኳቸው ካርዶች ሁሉ ይበቃሉ፤ ሁለቱም ባለ 6 ኮር ናቸው። በኢንቴሉ ስም መጨረሻ ያለው «ኤፍ» ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለው ያመለክታል፤ ራይዘን 5 5600ም የለውም። ካርድ ሳይሰካ ስክሪኑ ጨለማ ነው።

ገንዘቡ በሁለት ዙር የሚመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግማሹ አሁን ግማሹ እቁብ ሲወጣ፣ ራይዘን 5 5600ጂን ግዙ። ውስጡ ግራፊክስ ስላለው ቫሎራንትንና ጂቲኤ 5ን ዝቅ ባለ ጥራት ያጫውታል። ካርዱ በሁለተኛው ዙር ይደርሳል። 5600ጂ ጌም ላይ ከ5600 ትንሽ ያንሳል፤ ዕቁባችሁን እየጠበቃችሁ መጫወታችሁ ግን ያንን ይክሳል ባይ ነኝ።

የቢሮ ዴልና ኤችፒ

ብዙ ቤተሰብ አቅሙ የሚደርሰው ከቢሮ ወጥቶ በዩዝድ የሚሸጠው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ጋ ነው። አልንቀውም። ነገር ግን ኬዙን ከፍታችሁ ሳታዩ አትግዙ። ቀጭኑ ዓይነት ቁመተ አጭር ካርድ እንጂ ሙሉውን አያስገባም። ፓወር ሰፕላዩም የድርጅቱ የራሱ ቅርጽ ያለው ስለሆነ ገበያ ላይ ባለው መደበኛ ዕቃ ልትቀይሩት አትችሉም፤ ብዙ ጊዜም ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የለውም። እንዲህ ያለው ማሽን የሚችለው ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ጂቲኤክስ 1650። ረዥሙን የታወር ዓይነት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ።

ጄኔሬሽኑ እዚህም ይጠየቃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደኅንነት መቆጣጠሪያዎች ካልተከፈቱለት አይነሳም። ስለዚህ 6ኛ ጄኔሬሽን በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ 8ኛውን ፈልጉ።

ፓወር ሰፕላይና መብራት

አስኮ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል፣ እንደገና ቦግ ይላል። ያንን የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ርካሹ ሲቃጠል ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በበጀት ስም ከዚህ ዕቃ ላይ ብር የሚቀንስ ሰው ቁልፍ ሳይገዛ በር እንዳሠራ ሰው ነው።

ከኬዝ ጋር «በነጻ» የሚመጣውን ገልብጡና በጎኑ ያለውን ሰንጠረዥ አንብቡ። በትልቁ 600 ዋት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እናንተ ግን +12 ቮልት የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚመገቡት ከእሱ ነውና። ከሥሩ 18 አምፔር ቢል 12 ሲባዛ በ18፣ 216 ዋት ነው። የተቀረው ቁጥር ለጌማችሁ አይረባም። 550 ዋት ነኝ የሚል ጥሩ ዕቃ በዚሁ መስመር 40 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጽፋል። ራይዘን 5 5600 ከአርቲኤክስ 3060 ጋር ሙሉ ኃይላቸውን ሲጠቀሙ ጠቅላላው 300 ዋት አካባቢ ነው፤ እውነተኛ 550 ዋት ሲተርፈው እንጂ ሲያንሰው አይታይም። አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለ ደግሞ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ 115 ላይ ከተሰካ ፍንዳታውን ጎረቤት ይሰማዋል።

ዩፒኤስ ለመጫወቻ አይደለም፤ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ስለሆነ ማተሚያና ቴሌቪዥን አትደርቡበት። ዩፒኤስ መግዛት ካልቻላችሁ ስታቢላይዘር ይኑር፤ መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ነቅላችሁ ከመጣ በኋላ እስኪረጋ ጠብቁ።

ቀሪው

ራም 16 ጊጋባይት ይሁን፤ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8፣ ምክንያቱም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፍጥነቱ ይጨምራል። ኤስኤስዲ ቢያንስ 500 ጊጋባይት። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ካላችሁ ለፊልም ይሁን። ኬዙ ከፊት አየር የሚያስገባ ይሁን እንጂ መስታወቱና ባለቀለም መብራቱ ጌሙን አያፈጥኑም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው ያንኑ ሥራ ለመሥራት ትንሽ ይበልጥ ይሽከረከራል። በላዩ የመንገድ አቧራ ሲጨመርበት በየሁለት ሦስት ወሩ በብሩሽ ማጽዳት ግድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ዩዝድ ካርድ ስትገዙ በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ እና ፈርማርክ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱም በነጻ የሚወርዱ የመፈተሻ ፕሮግራሞች ናቸው። ጂፒዩ-ዚ ካርዱ እውነተኛ ስሙን ይዞ እንደሆነ ያሳያል፤ ስማቸው ተቀይሮ ከሚቀርቡት ሐሰተኛ ካርዶችም ብዙዎቹን ለይቶ ይጠቁማል። ፈርማርክን 15 ደቂቃ አስሩጡት። የስክሪኑ ገመድ ካርዱ ላይ መሰካቱን እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ እየፈተናችሁ ያላችሁት ካርዱን አይደለም። ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ወይም ኮምፒውተሩ ከጠፋ ካርዱ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ሁሉም ደህና ከሆነ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ስንት ቀን ዋስትና እንዳለው ደረሰኙ ላይ ይጻፍላችሁ። ኬዙን በታክሲ ወደ አስኮ ስታመጡም ትልቁን ካርድ ነቅላችሁ ለብቻው ያዙት፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ይሰብራል። «መሞከር አይቻልም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ።