ስለ አዚፋ አሠራርና ስለ ንጽሕናው

ከቦረና ገጠር ወደ መካነ ሰላም መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ከቤታቸው የሚያመጡት ስንቅ ምን እንደ ሆነ መምህራን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እንጀራ፣ ቂጣ፣ ጥቂት ሽሮና በርበሬ ነው። በጾም ወራት ሽሮው ያለቀ እንደ ሆነ እንጀራውን በአዋዜ ብቻ እየበሉ ሳምንቱን የሚገፉ አሉ። ሆዱ ይሞላል፤ ነገር ግን ሥጋንና ደምን የሚሠራው ፕሮቲን የተባለው ክፍለ ምግብ ይጎድላል፤ ይህም ጉድለት በማደግ ላይ ባለ ልጅ አካል ላይም በትምህርቱም ላይ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ወር ያለ ሥጋና ያለ ወተት ይህን ጉድለት የሚሞላ፣ በቀዝቃዛነቱ የሚበላ፣ አፍንጫን እስኪነዝር የሚያቃጥል አንድ ምግብ መርጠናል። እርሱም ሁሉም የሚያውቀው አዚፋ ነው።

አብዛኛው ሰው አዚፋን በበያይነቱ ጥግ በአንድ ማንኪያ የሚቀመጥ ማባያ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛ ግን ራሱን የቻለ ምግብ ሆኖ እንዲቀርብ እንሻለን። ደረቅ ምስር በ100 ግራም ውስጥ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ግማሽ ኪሎ ምስር ለ6 ሰዎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ 20 ግራም ይደርሰዋል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ደግሞ በቀን የሚያስፈልገው 50 ግራም ገደማ ነው። ከእንጀራ ጋር መበላቱም በከንቱ አይደለም፤ ጤፍና ገብስ የሚያንሳቸውን ላይሲን ምስር ያሟላል፤ ምስር የሚያንሰውንም ሜታዮኒን እህሉ ያሟላል። ይህ ምግብ የጾመኛ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋ በማይገዛበት ቀን ይጠቀምበታል።

ድፍን ምስር በሚገባ ተለቅሞና ታጥቦ ይቀቀላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው ቢንተከተክም ምስሩ በቆላ አገር ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያድር እንጨት ይቆጥባል። በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ችግር የፈረሰ እንደ ሆነ በስሏል፤ ያን ጊዜ ውሃው ይጠንፈፍና ግማሹ ይፈርስ ዘንድ በማንኪያ ይታሽ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

የአዚፋ ነፍሱ ሰናፍጭ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሳያውቅ ያደክመዋል። ሰናፍጭ በደረቅነቱ አያቃጥልም፤ ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ሥራውን ይጀምርና የሚያቃጥለው ቅመም ይወለዳል። የፈላ ውሃ የጨመሩበት እንደ ሆነ ግን ኤንዛይሙ ይሞታል። ስለዚህ 2 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭ ወቅጣችሁ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለውሱት፤ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ የ4 ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት፤ ሎሚው ኃይሉን ይዞ ያቆየዋል። የሳይንስ መምህራን በሁለት ኩባያ አንዱን በቀዝቃዛ፣ ሁለተኛውን በፈላ ውሃ ለውሰው ተማሪዎችን ቢያሸትቱ ትምህርቱ ያለ ሰሌዳ ይገባል። ለምስሩ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 ራስ ሽንኩርት፣ 4 ቃሪያና ጨው ይበቃል።

ለትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ዘመን አንድ የቤንጋል ተወላጅ ባልንጀራችን የበቀለ ጥራጥሬ ቀቅሎ በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በዝንጅብልና በሎሚ ለውሶ ሲያቀርብልን ምግቡ ከአገራችን የመጣ መስሎን ነበር። በቤንጋል ሰናፍጭን ወቅጦ መብላት የታወቀ ነው፤ በጃፓንም የተብላላ አኩሪ አተር በሰናፍጭ ይበላል። ከዚያ ወዲህ እኛም አንድ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ፈቅፍቀን በአዚፋው ላይ እንጨምራለን፤ እናቶቻችን ግን አልወደዱልንም።

አሁን ወደ ንጽሕናው እንመለስ። ምስሩ ቢበስልም ሽንኩርቱና ቃሪያው ጥሬ ናቸው፤ የወስፋት እንቁላል፣ አሜባና የታይፎይድ ተሕዋስያን የሚገቡት በዚያ በኩል ነው። «ሎሚውና ሰናፍጩ ይገድለዋል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። አትክልቱ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ በመጨረሻው ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በክሎሪን በታከመ ውሃ ይለቅለቅ። የሚከትፈው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መክተፊያውና ቢላዋውም እንዲሁ። አትክልቱ የሚከተፈው ሊበላ ሲል ነው፤ የተረፈውም አይደር። እኛው ራሳችን አንድ ጊዜ በአንድ ድግስ ላይ በዋዜማው የተሠራ አዚፋ በልተን ሦስት ቀን አልጋ ይዘናል፤ የጤና ሠራተኛ ሆኖ በዚህ መታመም ያሳፍራል። ኮምጣጣነቱ የብልሽቱን ሽታ ስለ ሸፈነው አልታወቀንም ነበር።

ሎሚው በምስር ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይቀምስ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ይጎድለዋል፤ ይህን ምስር አይሞላም።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር ምስር ሲወደድ በእርሱ ፋንታ ጓያ መገዛቱ ነው። ጓያ በፕሮቲን ከምስር አያንስም፤ ነገር ግን ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው፤ ለወራት ዋና ምግብ የሆነ እንደ ሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የደረሰውም ጉዳት አይመለስም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከድርቅ በኋላ በዚሁ በወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተጎድቷል፤ ይልቁንም የሚጠቃው ወጣቱ ነው። የተከካ ጓያ ከሌላ ክክ ጋር ተቀላቅሎ ቢሸጥ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሳይከካ ግን ይታወቃል፤ የምስር ፍሬ ክብና ጠፍጣፋ ሲሆን የጓያ ፍሬ ማዕዘን አለው። ስለዚህ ለአዚፋ የሚገዛው ምስር ድፍኑ ይሁን፤ በመዳፍ ዘርግታችሁ ሳታዩም አታስለኩ።