የባንኩ ቁጥርና የመዝገባችን ቁጥር ለምን ይለያያል? የአነስተኛ ሱቅን ሂሳብ ማስታረቅ

 

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። እዚህ አሜሪካ ሁለት ወንድማማቾች በሽርክና የከፈቱትን የሐበሻ ግሮሰሪ መዝገብ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዛለሁ። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት፣ ሸሪኮችን የሚያቃቅረው ብዙ ጊዜ የጠፋ ገንዘብ ሳይሆን ያልተብራራ ልዩነት መሆኑን ነው። አንደኛው ስልኩን ከፍቶ ባንክ ውስጥ 8,420 ዶላር ያያል፤ ሌላው መዝገቡን ገልጦ 7,867 ያነባል። የ553 ዶላሩ ምክንያት በጊዜው ካልታወቀ ጥርጣሬ ይገባል። ምክንያቱን ለማወቅ ግን የአንድ ሰዓት ሥራ ይበቃል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለትምህርት የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው።

መነሻው ቀላል ነው። ስለ አንድ ገንዘብ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጽፋሉ፤ ባንኩ አንዱ፣ እኛ ሌላው። ሁለቱም አንዳንድ ነገር ዘግይተው ይሰማሉ። ሂሳብ ማስታረቅ ማለት ለእያንዳንዱ ያልሰማውን ነግሮ ሁለቱን አንድ ቁጥር ላይ ማገናኘት ነው።

አንደኛ፦ የባንኩ ወገን

የወሩን የባንክ ስቴትመንት ያዙና ከመዝገባችሁ ጋር የገጠመውን እያንዳንዱን መስመር ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘው ነው ሥራችን። በመጀመሪያ ባንኩ ገና ያላያቸው፦

የዲሴምበር 31 የባንክ ቀሪ፦ 8,420
ሲደመር፣ ዲሴምበር 31 ማታ ባንክ የገባና ጃንዋሪ 2 የሚታይ የሽያጭ ገንዘብ፦ 650
ሲቀነስ፣ ተጽፈው ያልተመነዘሩ ቼኮች፣ ቁጥር 118 (900) እና ቁጥር 121 (240)፦ 1,140
ትክክለኛ ቀሪ፦ 7,930

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ስልክ ላይ የሚታየውን 8,420 አምኖ የ8,000 ዶላር ዕቃ የገዛ ሰው 420 ይቀረዋል። የ650ው ገቢ ቢደርስለት እንኳ 1,070 ነው፤ ሁለቱን ቼኮች አይሸፍንም። አንዱ ቼክ ይመለሳል፤ ከዕቃ አቅራቢው ጋር የነበረው መተማመንም አብሮ ይጎዳል።

ሁለተኛ፦ የመዝገቡ ወገን

አሁን ደግሞ ባንኩ የሚያውቃቸው፣ እኛ ግን ያልጻፍናቸው፦

የመዝገብ ቀሪ፦ 7,867
ሲደመር፣ አንድ ምግብ ቤት የዱቤ ዕዳውን በቀጥታ ባንክ ያስገባው፦ 300
ሲደመር፣ ባንኩ የጨመረው ወለድ፦ 4
ሲቀነስ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ፦ 25
ሲቀነስ፣ በቂ ስንቅ ስለሌለው የተመለሰ የደንበኛ ቼክ፦ 180
ሲቀነስ፣ 351 ዶላር የተከፈለ የመብራት ሂሳብ 315 ተብሎ ስለተመዘገበ፦ 36
ትክክለኛ ቀሪ፦ 7,930

ሁለቱ ተገናኙ። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ማስተካከያ ምዝገባ

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። የባንኩን ወገን ልዩነቶች መልሰን አንመዘግብም፤ እኛ ጽፈናቸዋል፣ ባንኩ በራሱ ጊዜ ይደርስባቸዋል። የሚመዘገቡት የመዝገቡ ወገን ብቻ ናቸው። ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት፣ ሲቀንስ ክሬዲት ይሆናል፦

1. ዴቢት ጥሬ ገንዘብ 300፤ ክሬዲት ተሰብሳቢ ሂሳብ 300
2. ዴቢት ጥሬ ገንዘብ 4፤ ክሬዲት ከባንክ የመጣ ወለድ 4
3. ዴቢት የባንክ አገልግሎት ወጪ 25፤ ክሬዲት ጥሬ ገንዘብ 25
4. ዴቢት ተሰብሳቢ ሂሳብ 180፤ ክሬዲት ጥሬ ገንዘብ 180
5. ዴቢት የመብራት ወጪ 36፤ ክሬዲት ጥሬ ገንዘብ 36

ቁጥር 4ን ተመልከቱ። ቼኩ ሲመለስ ሽያጩ አልተሰረዘም፤ ደንበኛው እንደገና ባለዕዳ ሆነ። ዕዳ እንዲጻፍ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ለታዘዝን ሰዎች ይህን ሳይመዘግቡ ማለፍ አይገባም። ወለዱንም ቢሆን ከሽያጭ ገቢ ጋር አትቀላቅሉት። የራሱ መስመር ካለው መጠኑ ይታወቃል፤ ምን እንደሚደረግበት ዑለማእ ስትጠይቁም የተጣራ ቁጥር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

አራተኛ፦ ባንክ የማይነግረን ማስተካከያ

ዓመቱ ሲዘጋ ስቴትመንት ላይ የማይታዩ ነገሮችም አሉ። ኦክቶበር 1 ቀን ለ12 ወር የተከፈለ የ1,200 ዶላር ኢንሹራንስ ካለ፣ እስከ ዲሴምበር 31 ያለቀው የ3 ወሩ ብቻ ነው፦ ዴቢት የኢንሹራንስ ወጪ 300፤ ክሬዲት ቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስ 300። ሠራተኛው በዲሴምበር መጨረሻ ሠርቶ ጃንዋሪ የሚከፈለው 360 ዶላር የዲሴምበር ወጪ ነው፦ ዴቢት የደመወዝ ወጪ 360፤ ክሬዲት ተከፋይ ደመወዝ 360። በ4,800 ዶላር ተገዝቶ 5 ዓመት ያገለግላል የተባለ ማቀዝቀዣም በወር 80 ዶላር የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። በእነዚህ ምዝገባዎች ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚባለው ሂሳብ አይነካም። ከተነካ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

አልገጥም ካለ

በቅየሳ ሥራ ከአንድ ነጥብ ተነስተን ዞረን እዚያው እንመለሳለን። ቁጥሩ ከሚፈቀደው በላይ ከራቀ ተመልሰን እንለካለን እንጂ እንዲገጥም አንጽፍም። እዚህም «ልዩ ልዩ» ብላችሁ አትዝጉት። ልዩነቱ ለ9 እኩል የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የመብራቱ 36 እንደዚያ ነው። ለ2 ከተካፈለ ደግሞ ግማሹን ቁጥር ፈልጉ፤ ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት የገባ ሊሆን ይችላል። ለወራት ያልተመነዘረ ቼክ ካለ ተቀባዩን ደውላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ ባንክ ከ6 ወር በላይ የቆየ ተራ ቼክ የመክፈል ግዴታ የለበትም፤ ዕዳው ግን ስለዚህ አይሰረዝም።

ሁለት ምክር ልጨምር። የሚቻል ከሆነ ገንዘብ የሚቀበለው ሰው እና ሂሳቡን የሚያስታርቀው ሰው አንድ አይሁኑ፤ ይህ አለመተማመን ሳይሆን ሁለቱንም ከሐሜት የሚጠብቅ ነው። ሌላው፣ የዘካ ዓመታችሁ በሂጅራ ስለሚቆጠር ከዲሴምበር 31 ጋር አይገጥምም። ዘካ በሚወጣበት ቀን ሂሳቡን ለብቻ አስታርቁ። 2.5 በመቶው የሚሰላው በስልክ ከታየው ቁጥር ላይ ሳይሆን በእርግጥ የእናንተ ከሆነው ላይ ነው።

በየወሩ የታረቀውን ወረቀት ሁለቱም ሸሪኮች ይፈርሙበትና ከስቴትመንቱ ጋር ይቀመጥ። አላህ በንግዳችሁ በረካ ያድርግላችሁ።