ማሳሰቢያ፦ ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ድርጅቶች

ሕጉ አሠሪን መርጦ ከመቅጠር አይከለክለውም፤ የሚከለክለው ከሥራው ጋር በማይገናኝ ነገር መምረጥን ነው። ድርጅትዎ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

• «ጾታ፦ ሴት፣ ቁመናዋ ያማረ» የሚል ማስታወቂያ አያውጡ። በየግድግዳውና በየቴሌግራሙ መብዛቱ ከተጠያቂነት አያድንም። ደግሞስ ለገንዘብ ያዥ ቁመና ምን ያደርጋል?

• በቃለ መጠይቅ «አግብተሻል? ልትወልጂ ታስቢያለሽ?» አይበሉ። 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ ለአነስተኛ ድርጅት ከባድ መሆኑ አይካድም። ሕጉ ግን ወጪውን ለአሠሪው ሰጥቶታል፤ ሴት ባለመቅጠር ከእሱ መሸሽ አድልዎ ነው። ብሔር፣ ሃይማኖትና የፖለቲካ አመለካከትም አይጠየቁም። «የየት አገር ልጅ ነህ?» ሌላ ቦታ የወግ መጀመሪያ ነው፤ ለቅጥር በተቀመጡበት ግን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብዎ ይችላል።

• የኤችአይቪ ምርመራ አያስገድዱ። ሕግ የሚያዘው ሌላ የጤና ምርመራ ካለ ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑ።

• የፈተናውን ውጤት፣ የጠየቁትን ጥያቄና አመልካቹ ያልተመረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ ይያዙ። አካል ጉዳተኛ አመልካች አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ ቢከስ፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የማስረዳት ሸክሙን የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። «አይመጥነንም» ማለት ብቻውን አያስረዳም።

• የትምህርት ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም ያጣሩ፤ ፎርጅድ በዝቷል። ኦሪጅናሉን አይተው ኮፒውን ያስቀሩና ይመልሱ፤ የሰው ዲግሪ መያዣ አይደለም። አሻራና ተያዥ የሚጠይቁ ከሆነ በዚያ የሥራ መደብ ላይ ያሉትን ሁሉ እኩል ይጠይቁ። የቀድሞ አሠሪ ጋር ከመደወልዎ በፊት አመልካቹን ያስፈቅዱ። ያልተቀጠሩ ሰዎችን ማስረጃም በየጠረጴዛው አይተዉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

• ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አይቅጠሩ።

• የሙከራ ጊዜን በቃል አይተዉት። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። ቀድሞ በዚያው ሥራ ላይ የነበረን ሰው መልሰው ቢቀጥሩ ዳግም ሙከራ የለም።

• ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ፣ ዝርዝሩን የያዘና የተፈረመበት ደብዳቤ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው ይስጡ። ደብዳቤውን ባይሰጡም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።