የመምህር ቀለብ ከማን ይገኛል?

ትምህርት ያለ ቀለብ አይጸናም። ስለዚህ ስለ ትምህርት ቤት ሲነገር አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፥ መምህሩን የሚቀልበው ማን ነው? የቀለበውስ ምን ያዝዛል? የሚለው ነው።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ደጋ አገር ልጆች ፊደል የሚቈጥሩት፥ ዳዊት የሚደግሙት፥ ዜማና ቅኔ የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ይሰጡ ነበርና ካህናቱ ከዚያ መሬት ይተዳደሩ ነበር። ተማሪው ግን ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ እየለመነ ይማር ነበር። የእስልምና ተከታዮችም ቁርኣን የሚቀራበትን ቤት በራሳቸው ገንዘብ ያቆሙ ነበር።

በ1948 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ያው አንቀጽ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በጸሎት ሁሉ እንዲነሣ አዘዘ። ድጋፉና ትእዛዙ አብረው መጡ ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ባደረገ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንም መሬት አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የአብነት ትምህርት ቤት ኑሮ በይበልጥ በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ።

በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ እንዲሆኑ፥ አንዱም በሌላው ጉዳይ እንዳይገባ ደነገገ። በ27ኛው አንቀጽ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፤ በ90ኛውም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ አዘዘ።

ምክንያቱን ለማስተዋል ግምጃ ቤቱን መመልከት ይበቃል። ግብር የሚከፍለው ክርስቲያኑም፥ እስላሙም፥ ሌላውም ነው። ከሁሉ የተሰበሰበው ገንዘብ የአንዱን ጸሎት ለማስተማር ቢውል፥ ሌላው ያላመነበትን ትምህርት በግብሩ አቆመ ማለት ነው።

«ፊደልንና መጻሕፍትን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ያቈየ ትምህርት ቤት እንዴት በልመና ይቀራል?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ የዚህ ትምህርት ፍሬ ለአገር ሁሉ ደርሷልና። ነገር ግን ዛሬ ከመንግሥት ድርጎ የተቀበለ ጉባኤ ነገ የሚያስተምረውን ከመንግሥት ሊታዘዝ ይችላል። ነጻነት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት አማኞቹ ናቸው።

እንግዲህ መለየት መጣላት አይደለም። ማለዳ ዳዊት የደገመው ልጅና ቁርኣን የቀራው ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሒሳብ ይማራሉ። የሒሳቡን መምህር ደመወዝ የሚከፍለው የሁሉ ግምጃ ቤት ነው። የኔታን የሚቀልበው ግን መንደሩ ነው፤ መንደሩ የረሳው እንደ ሆነ የኔታ ወንበሩን ያጥፋል፥ ጉባኤውም ይበተናል።

ጥያቄ።
1ኛ። የ1948ቱና የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ሃይማኖት የደነገጉት በምን ይለያያል?
2ኛ። በመንደራችሁ የሃይማኖት ትምህርት የሚያስተምሩትን ሰው ማን ይቀልባቸዋል?