እርጥበት ከሥር፣ አየር ከላይ፦ ስለ እባብ ቤት አያያዝ ትምህርት

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድ ነገር ማስረዳት ነው፦ በእባብ ቤት ውስጥ እርጥበትና የአየር ዝውውር አይጣሉም። ብዙ አሳዳጊ እርጥበት ሲያንስበት የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሻጋታ ሲያይ ደግሞ ሁሉን ከፍቶ ቤቱን ያደርቃል። በሁለቱም የሚጎዳው እባቡ ነው። ትክክለኛው መንገድ ውሃውን በጉዝጓዙና በመደበቂያው ውስጥ ማኖር፣ ከላይ ያለው አየር ግን ሳያቋርጥ እንዲለወጥ ማድረግ ነው። ለምሳሌ የምንይዘው ቦል ፓይተንን ነው። ይህ እባብ በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት በቤት ከሚያድጉት አንዱ ሲሆን በአገራችን ለሚገኘው ትልቅ ዘንዶ ትንሽ ዘመዱ ነው።

፩. ከተፈጥሮ መኖሪያው እንነሣ

ቦል ፓይተን ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ባለው ሣራማ አገር ይኖራል። በበጋ ወራት በዚያ አገር ከመሬት በላይ ያለው አየር እጅግ ይደርቃል። ታዲያ የደረቅ አገር እንስሳ ከሆነ እርጥበት ለምን ያስፈልገዋል ቢሉ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ስለሆነ ነው። አፈሩ ከላይ ቢሰነጠቅም ከሥር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። እባቡ ሲመሽ ወጥቶ ያድናል፣ ሲነጋ ወደ እርጥቡ ጉድጓድ ይመለሳል። ስለዚህ የለመደው አንድ ወጥ እርጥበት ሳይሆን ምርጫ ነው፤ እኛም በቤቱ ልንሰጠው የሚገባን ይህንኑ ምርጫ ነው።

ሁሉም እባብ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። በኢትዮጵያም ጭምር የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ የአሸዋ ቦአ ደረቅ አየርና ደረቅ ጉዝጓዝ ይፈልጋል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖረው ኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይበቃዋል። ከአማዞን ደን የመጣው ሬንቦ ቦአ ከ75 በመቶ በላይ ካላገኘ ይጎዳል። ለቦል ፓይተን ከ55 እስከ 70 በመቶ ያለው ልክ መልካም ነው። እንግዲህ ዝርያውን ሳያውቁ ቁጥር መምረጥ አይገባም።

፪. በመቶኛው ምን ማለት ነው?

የእርጥበት መለኪያው የሚያሳየው አንጻራዊ እርጥበትን ነው። ይህም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዘው ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን እንደያዘ ይነግረናል። ሞቃት አየር ከቀዝቃዛ አየር ይልቅ ብዙ ተን መያዝ ይችላል። አንድ ሜትር ኪዩብ አየር በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 23 ግራም ገደማ ይይዛል፤ በ32 ዲግሪ ግን ወደ 34 ግራም ይደርሳል።

የቦል ፓይተን ቤት ሞቃት ጫፍ 32 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ደግሞ 25 ዲግሪ ይሁን እንበል። በቀዝቃዛው ጫፍ መለኪያው 60 በመቶ ካለ፣ በአየሩ ውስጥ በሜትር ኪዩብ 14 ግራም የሚጠጋ ተን አለ ማለት ነው። ያው አየር ወደ ሞቃቱ ጫፍ ሲደርስ መለኪያው ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። አንድም ጠብታ አልጠፋም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ አሳዳጊ በመብራቱ ሥር ያለውን ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ውሃ ይጨምራል፣ ቀዝቃዛውን ጫፍም ረግረግ ያደርገዋል።

መስታወት የሚያልበውም በዚሁ ሕግ ነው። ይኸው 14 ግራም የያዘ አየር 16 ዲግሪ የቀዘቀዘ መስታወት ሲነካ ተኑን መሸከም ስለማይችል ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ ክፍሉ በቀዘቀዘበት ሌሊት መስታወቱ ጠዋት ትንሽ ቢያልበውና ረፋድ ላይ ቢደርቅ አያስደነግጥም። ቀኑን ሙሉ የማይደርቅ ከሆነ ግን አየሩ አልተለወጠም ማለት ነው።

በብርድ አገር የሚኖር አሳዳጊ አንድ ነገር ይጨምር። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ሲሆን አየሩ ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኪዩብ ከ5 ግራም ያነሰ ተን ነው የሚይዘው። ያ አየር ወደ ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ 26 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በሙቀቱ ወራት ደህና የነበረ የእባብ ቤት በብርዱ ወራት በማሞቂያ ሳቢያ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

፫. መለኪያውን መፈተን

ሳይለኩ ማስተካከል አይቻልም። ከመስታወቱ ላይ ከሚለጠፉት ባለመርፌ መለኪያዎች ይልቅ ዲጂታሉ ይታመናል። ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፦ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው ጫፍ፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ ይቀመጡ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለ መለኪያ ስለ ጣሪያው እንጂ ስለ እባቡ አይናገርም።

መለኪያው እውነት መናገሩን በምን እናውቃለን ቢሉ፣ በገበታ ጨው ነው። በትንሽ ክዳን ጨው አድርጋችሁ፣ ሳይሟሟ እርጥብ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ክዳኑንና መለኪያውን አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ አብራችሁ አሽጉና በክፍል ሙቀት አሳድሩት። በእርጥብ ጨው ላይ ያለ የታሸገ አየር 75 በመቶ ላይ ይረጋል። መለኪያችሁ 70 ካሳየ አምስት እየደመራችሁ፣ 80 ካሳየ አምስት እየቀነሳችሁ አንብቡ።

፬. ውሃው የት ይቀመጥ?

አንደኛው ማደሪያ ጉዝጓዙ ነው። የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ ወይም የሳይፕረስ እንጨት ፍቅፋቂ ለቦል ፓይተን ይስማማል። ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከሥሩ ውሃ ይይዛል፣ ከላዩ ይደርቃል። የሴዳር ፍቅፋቂ ግን መዓዛው ለእባብ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባም። ውሃውን ከላይ ከመርጨት ይልቅ በማዕዘኖቹ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት፤ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ በዝግታ ይተናል። የተረጨ ውሃ መለኪያውን ለጥቂት ሰዓት ከፍ አድርጎ ይደርቃል፤ ከሥር የፈሰሰው ለቀናት ይቆያል። እጃችሁን ሰዳችሁ ዳብሱት፦ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይገባል። ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዝቷል።

ሁለተኛው ማደሪያ እርጥቡ መደበቂያ ነው። መግቢያ ያለው ክዳናም ዕቃ ውስጥ ስፋግነም የሚባለውን ሞስ አርሳችሁ ጨምቃችሁ አስቀምጡ። ይህ የኩይሳውና የጉድጓዱ ምትክ ነው። ከእሱ ሌላ ደረቅ መደበቂያም ይኑር፤ አለዚያ እባቡ መሸሸጊያ ፍለጋ ብቻ ሳይወድ በእርጥብ ላይ ይተኛል። ሦስተኛው ሰፊ የውሃ ሳህን ነው። በየጊዜው ታጥቦ ውሃው ይለወጥ።

ጉም የሚነፉ መሣሪያዎች የእነዚህን ቦታ አይተኩም። ውሃቸውና ዕቃቸው ካልጸዳ ያደረውን ጀርም ከጉሙ ጋር ወደ እባቡ ሳንባ ይበትናሉ።

፭. አየሩ ለምን ይዘዋወር?

እባብ ሙቀቱን ከአካባቢው ስለሚያገኝ ኦክስጅን የሚፈጀው በጥቂቱ ነው፤ በታፈነ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚጎዳው በአየር እጥረት አይደለም። አየሩ የሚዘዋወርበት ዋና ምክንያት የዕቃዎቹና የጉዝጓዙ ገጽ እንዲደርቅ ነው። ትኩስ እንጀራ ሳይበርድ በመሶብ ከተከደነ አልቦት እንደሚሻግት፣ የታፈነ የእባብ ቤትም እንዲሁ ነው። መለኪያው የሚያሳየው እርጥበት ትክክል ሆኖ እንኳ አየሩ ከቆመ ሻጋታና ባክቴሪያ በገጹ ላይ ይራባሉ።

ዝውውሩ እንዴት ይገኛል ቢሉ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ በሞቃቱ ጫፍ ከፍ ያለ መውጫ፣ በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ዝቅ ያለ መግቢያ ይሠራል። ሙቀቱ ራሱ አየሩን ይስበዋል፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አያሻም። ጣሪያው በሙሉ የሽቦ ወንፊት የሆነ የመስታወት ቤት ግን ተኑን ቶሎ ያስወጣል። በዚያ ጊዜ ከወንፊቱ ከፊሉ ይሸፈን፤ መብራት ወይም ማሞቂያ ያለበት ቦታ ግን እሳት እንዳያስነሣ ክፍት ይቅር። በጥቂት በጥቂቱ እየሸፈናችሁ፣ በመካከሉ አንድ ሁለት ቀን እየጠበቃችሁ መለኪያውን አንብቡ።

፮. እባቡ የሚሰጠው ምልክት

ቆዳ የሚለውጥበት ጊዜ ሲደርስ የእባቡ መልክ ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ የሚሆነው በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ነው። ከዚያ ዓይኑ ይጠራል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ አሮጌው ቆዳ ይወልቃል። እርጥበቱ በቂ ከሆነ ቆዳው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቆራረጥ ይወጣል። አየሩ ደረቅ ከነበረ ተቦጫጭቆ ይቀራል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት አብሮ መውለቅ ስላለበት፣ የወለቀውን ቆዳ ስትመረምሩ ሁለቱንም የዓይን ሽፋን ፈልጉ። ቢቀር በጥፍርም በመቆንጠጫም አትንኩት፤ ዓይኑ ይጎዳል። እርጥቡን መደበቂያ አዘጋጁለትና ካልወለቀ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። በጅራት ጫፍ የቀረ ቆዳም ደም እንዳይዘዋወር አንቆ ሊያቆስል ስለሚችል ችላ አይባል።

እርጥበት ሲበዛና አየር ሲቆም ምልክቱ ሌላ ነው። የሆዱ ቅርፊት ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ውሃ ይቋጥራል። አፉን ከፍቶ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ማፏጨት፣ በአፍና በአፍንጫው አረፋ መታየት የመተንፈሻ አካል በሽታ ምልክት ነው። እባብ እንደ እኛ ሳንባውን የሚገፋ ድያፍራም ስለሌለው አክታውን ስሎ ማውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት በሽታው ሳይታይ ይገፋልና ምልክቱን ያየ ሰው ሳያድር ሐኪም ያማክር።

፯. መልመጃ

አንደኛ ጥያቄ፦ ቀዝቃዛው ጫፍ 65፣ ሞቃቱ ጫፍ 44 በመቶ አሳየ። ውሃ ይጨመር? አይጨመር። ልዩነቱ ከሙቀቱ የመጣ ነው፤ እባቡም በሁለቱ መካከል ይመርጣል።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ መለኪያው 60 በመቶ ነው፤ ነገር ግን በእንጨቱ ላይ ሻጋታ በቅሏል። ምን ይደረግ? የሻገተው ይውጣ፣ ከተሸፈነው ወንፊት ጥቂቱ ይገለጥ፣ ዝቅ ያለው መግቢያ በጉዝጓዝ አለመደፈኑ ይታይ። ከዚህ የተነሣ እርጥበቱ ከ55 ቢወርድ፣ የተገለጠው እንደገና አይሸፈን፤ በማዕዘኖቹ ውሃ ይፍሰስ። አየሩን ክፍት ትታችሁ ውሃውን ከሥር ለመመለስ ከወሰናችሁ፣ ትምህርቱ ገብቷችኋል።