ባህሉ የእኛ ነው፤ ሜዳውስ?

አንድ የወረዳ ምክር ቤት ዕጩ ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ወደብ አጠገብ ቆሞ «ባህላችንን አሳድጋለሁ፤ ለወጣቱም መዝናኛ እሠራለሁ» ቢል ማን ይቃወመዋል? ማንም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ማንም ያልተቃወመውን ቃል ከምርጫው በኋላ ማንም አይጠይቅበትም። የዛሬው ትምህርታችን እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት እንደምንመዝነው ነው፤ ሳንቸኩል ከመሠረቱ እንጀምር።

መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ መንግሥት በባህልና በጨዋታ ጉዳይ ምን አገባው የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት ይሰጠዋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ባህሎች በእኩልነት እንዲጎለብቱ የመርዳት ግዴታ ይጥልበታል። በሁለቱም ቦታ መንግሥት ረዳት ነው እንጂ የባህል ፈጣሪ ተደርጎ አልተቀመጠም። ፈጣሪውም ጠባቂውም ሕዝብ ነው። እንግዲያው ዕጩው ሕዝቡ ራሱ የሚሠራውን ሥራ እሠራላችኋለሁ ሲል ከሰማነው፣ ገና የራሱን ድርሻ አልነገረንም ማለት ነው። ድርሻው ምንድን ነው?

ይህ ግልጽ እንዲሆን የገናን ጨዋታ ቀረብ ብለን እንየው። ታኅሣሥ 29 የአገሩ ጎበዝ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዳንዴ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ አንዳንዴ ያገባና ያላገባ እየተባለ። ሁሉም ጫፉ የተቆለመመ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሩሯ፣ ማለትም ኳሷ፣ መሐል ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ወገን ወደ ባላጋራው ዳር ሊያሻግራት ይታገላል። የተጫዋች ቁጥር አይገደብም፤ ሜዳውም መስመር አልተሰመረለትም። ዱላው ከዛፍ ተቆርጦ ይበጃል፣ ሩሯን የሚያውቅበት ሰው ይሠራታል፣ ደንቡን ልጅ ከአባቱ ይማረዋል። እስከዚህ ድረስ ጽሕፈት ቤት፣ በጀትም ሆነ ማኅተም አላስፈለገም። መንግሥት የሚፈለገው ሜዳው ሲጠብ ነው። የሜዳው አንድ ጥግ ለመጋዘን ይሰጣል፣ ሌላው ለቤት መሥሪያ ይሸነሸናል፣ የቀረው የአሸዋና የድንጋይ መድፊያ ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጆቹ ገናን በቴሌቪዥን ያዩታል፤ የባህል ጽሕፈት ቤቱም «እየጠፉ ያሉ ባህላዊ ጨዋታዎች» የሚል ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል።

የትምህርቱ መሠረት እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማን መሬት ለዚህ ወይም ለዚያ ብሎ የሚመድበው አስተዳደሩ ነው። ባህሉን ሕዝብ ይዞት ይኖራል፤ ባህሉ የሚቆምበትን መሬት ግን በአንድ ስብሰባ ሊሰጡበትም ሊጠብቁትም የሚችሉት ተመራጮችና የሾሟቸው ሹማምንት ናቸው። ስለዚህ የአካባቢ ዕጩ የባህልና የመዝናኛ ፖሊሲ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ የመሬት ፖሊሲ መሆን አለበት።

ነገሩ በገና ሜዳ ብቻ አያበቃም። በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ሊነቅሉ የሚወርዱት ወደ መስክ ነው። የጋራው ግጦሽ ታርሶ ካለቀ ዘፈኑ ቢኖርም እንግጫው ከየት ይመጣል? የጣና ዳሩ ነገደ ወይጦ ደግሞ ታንኳውን የሚሠራው ከደንገል ነው። ሐይቁ በሸሸ ቁጥር ዳሩ እየታረሰ፣ ደንገሉም እየተመነጠረ ሄዷል። ወይጦዎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ ለምርጫ የሚያስፈራ ድምፅ የላቸውም። አንቀጽ 91 «በእኩልነት» ያለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ዕጩው የባህል ዝርዝሩን ሲያነብ የብዙኃኑን በዓል ብቻ ቆጥሮ ደንገሉን ከዘለለ፣ ጉድለቱ በሕገ መንግሥቱ ፊት ነውና በይሉኝታ አይታለፍ። ጣና በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ተፈጥሮውንና በዙሪያው ያለውን ሰው አብሮ የሚመለከት ስለሆነ፣ ስለ ደንገል የሚናገር ዕጩ የሚደገፍበት ነገር አያጣም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው ጥምቀት ባህልም አምልኮም ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ስለዚህ ዕጩ «ጥምቀትን አደምቃለሁ» ካለ ከወሰኑ አልፏል፤ ማድመቁ የካህናቱና የምእመናኑ ሥራ ነው። የምክር ቤቱ ድርሻ ታቦቱ የሚያድርበት ባሕረ ጥምቀት እንዳይታጠር፣ መንገዱ እንዳይዘጋ፣ ለሕዝቡ የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ እንዲኖር ማድረግ ነው። የሙስሊሙ የኢድ መስገጃ ሜዳም በዚሁ ሚዛን ይታያል።

የአስተዳደር ውሳኔ ሜዳን እንዴት እንደሚወስድና እንደሚመልስ በአዲስ አበባው ጃንሜዳ አይተናል። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ የአትክልት ተራ ገበያ መጨናነቁን ለመቀነስ ሲባል ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የጥምቀቱ፣ የገናውና የእግር ኳሱ ሜዳ የቲማቲምና የጎመን ተረፈ ምርት ሞላው። የወቅቱ ምክንያት የሚናቅ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ነገር ግን ጊዜያዊ የተባለው ወራት ፈጀ። ሕዝቡ ደጋግሞ ከጠየቀ በኋላ፣ የ2013ቱ ጥምቀት ሳይደርስ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄዶ ሜዳው ጸዳ። ሜዳውን የወሰደውም የመለሰውም የከተማው አስተዳደር ነው። ጃንሜዳን ያዳነው ስሙ በመላ አገሪቱ መታወቁ ይመስለኛል። የቁንዝላን ሜዳ የሚያውቀው የቁንዝላ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ወረዳ የሚተዳደረው በአብዛኛው ከክልል በሚመጣ ጥቅል በጀት ነው፤ ከዚያም ብዙው ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለግብርና ሠራተኛው ደመወዝ ያልቃል። ስለዚህ ቁንዝላ ለምትገኝበት ለሰሜን አቸፈር ወረዳ ስታዲየም ቃል የሚገባ ዕጩ ወይ በጀቱን አያውቅም ወይ እናንተን ንቋል። በባሕር ዳር እንዳለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለ ተቋምም የክልል አቅም የሚጠይቅ እንጂ በቀበሌ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የሚቆም አይደለም። በአንጻሩ አንድን ሜዳ ለክቶ፣ ወሰኑን በድንጋይ ለይቶ፣ በከተማው ፕላን ላይ ክፍት ቦታ ብሎ ማስፈር ብዙ ወጪ የለውም። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከወጣ ቆይቷል። የአገሪቱ የፕላን አሠራርም ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ዕጩው ለክፍት ቦታ የተባለው 30 በመቶ የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ከቻለ የሚናገረውን ያውቃል።

በምርጫ ሰሞን ለወጣቱ ኳስና ማልያ የሚያድል ዕጩም አይጠፋም። ለድምፅ ብሎ ስጦታ መስጠት በምርጫ ሕጉ የተከለከለ ነው። ኳሱን የሚያነጥሩበት ቦታ ከሌላቸው ደግሞ ምን ይሠራላቸዋል?

ስለ መዝናኛ ሲነሳ ሴቶችና ሽማግሌዎች ይረሳሉ፤ የወደቡ ዳርቻም እንዲሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይሄድ የነበረው የጣና ጀልባ ቁንዝላ የሚያድርበት ልማድ ስለነበረ፣ ከተማዋ ምሽቷን ለመንገደኛ ማካፈል ታውቃለች። ጥላ ያለው መቀመጫ፣ መብራትና ንጹሕ መጸዳጃ ለአገሬው እናቶችም ለእንግዳውም ያገለግላል፤ ዋጋውም ከወረዳ አቅም አያልፍም። እርግጥ ሰው አምሽቶ ለመቀመጥ መጀመሪያ ሰላም ያሻዋል፤ ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

በአማራ ክልል የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም ነው። የተመራጮቹ የአምስት ዓመት ዘመን ካለቀ በኋላ ምርጫው እየተራዘመ መጣ። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ለወረዳ ምክር ቤት አንድም ጊዜ ድምፅ ሳይሰጥ፣ ራሱ ለዕጩነት የሚበቃበትን 21 ዓመት አልፏል። ምርጫው እስኪመጣ ግን ሜዳው አይጠብቅም፤ ጥያቄውም ቀን አይቆረጥለትም። በሥራ ላይ ያለውን አስተዳደር ዛሬውኑ ፕላኑን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የሜዳው ወሰን ካልሰፈረ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ዕጩ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ ተቀበሉት።