ስም የታጣለት ሕመም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከመዝሙር ጥናት መቅረት ጀመረ። ብንጠይቀው፥ «ሌሊት ልቤ ይደልቃል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ከንፈሬንና ጣቶቼን ውርር ያደርገኛል» አለን። ደሙ ተመርምሮ ወባ አልተገኘበትም። ሁለተኛም ሦስተኛም ተመረመረ፤ አሁንም የለም። እኛም ባለማስተዋል «እንግዲያውስ ምንም የለብህም፤ ተወው» አልነው። ይህ ቃላችን ምን ያህል እንደ ጎዳው የገባን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሐኪም ስም ያጣለትን ሕመም ጥቂት እንመለከታለን።

በአገራችን ሕመም ያለ ስም አይቀርም። ራስ ሲፈልጥና ሲያተኩስ ምች፥ ወገብ ሲይዝ ብርድ፥ ልጅ በድንገት ሲከሳ ቡዳ፥ ሰው ሲጨነቅ ደግሞ ዛር ወይም ዓይነ ጥላ ይባላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከከምባታና ከሐዲያ በሰፈራ ወደ በለስ ሸለቆ የመጡት ወላጆቻችንና አያቶቻችን የየአገራቸውን የበሽታ ስምና መድኃኒት ይዘው ወርደዋል። ነገር ግን የቆላው ትኩሳት የደጋው ትኩሳት አልነበረም። በደጋ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ጨምቆ በቡና ጠጥቶ፥ ተሸፋፍኖ ቢያድር ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። በፓዌ ግን ያው ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ቶሎ ካልታከመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። አንዲት እኅታችን «ምች ነው» ተብላ ሦስት ቀን ዳማከሴ ስትጠጣ ቆይታ፥ በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ በቃሬዛ ተወስዳለች። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። ዳማከሴው አልጎዳትም፤ የጎዳት ሦስቱ ቀን ነው።

ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ በዚህ አገር ያደገ ሰው ብርድ ብርድ ባለው ቁጥር ቢፈራ ምን ያስደንቃል?

ይሁን እንጂ ፍርሃት ራሱ በሥጋ ላይ ይሠራል። ሰው ሲፈራ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይረጫል፤ ልብም ይፈጥናል። ትንፋሹ ሲቻኮል በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት ጣትና ከንፈር ውርር ይላል፥ ራስ ይዞራል። ሰውየውም «ይኸው ልሞት ነው» ብሎ የባሰ ይፈራል፤ ልቡም የባሰ ይደልቃል። ወንድማችን ሌሊት እየተነሣ የእጁን ትርታ ይቆጥር ነበር፤ በስልኩም የበሽታ ምልክት ሲያነብ ያነጋል። (ይህን የሚያደርገው እርሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ!) ስለዚህ «ምንም የለብህም» ማለት ሐሰት ነው። ሕመሙ አለ፤ የታጣው ስሙ ነው።

ወንድማችን ከእኛ ተስፋ ቢቆርጥ ወደ አንድ መድኃኒተኛ ሄደ። የተሰጠውን የሥር ዱቄት ጠጥቶ ሌሊቱን ሙሉ አስመለሰው። ይህን ስንል ያገር መድኃኒትን ሁሉ ለመናቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያን መከላከያ ያገኙት። ዛሬ ለወባ የምንውጠው ኮአርተምም በውስጡ ያለው አንዱ መድኃኒት የተገኘው ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ለትኩሳት ከሚጠቀሙበት ቅጠል ነው፤ ያን የመረመሩት ቱ ዩዩ የተባሉት ሴት እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ነገር ግን በሁለቱም ቅጠሉ ተፈትኗል፥ መጠኑም ተለክቷል። ኮሶ እንኳ፥ የታወቀው የአባቶቻችን መድኃኒት፥ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ስለ ጠበልም የሚጠይቁን አሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይጣል የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያናችን የላትም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ንም ያላነበባችሁ አንብቡት።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ሁለታችን አብረነው ወደ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መዛባትም ልብ እንደሚያስደልቁ ነግሮን ሁለቱንም መረመረለት፤ አልተገኙም። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ መተንፈስን አስተማረው፤ ትርታውን መቁጠር እንዲተው፥ ከአንድ ሐኪም ዘንድ ብቻ በቀጠሮ እንዲመላለስ፥ ትኩሳት በመጣ ቀን ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ደሙን እንዲያስመረምር ነገረው። እኛም ማታ ማታ ተራ ገብተን አብረነው እናመሻለን። ልቡ የሚደልቅበት ሌሊት አሁንም አለ። ሆኖም ባለፉት ሦስት እሑዶች ከጥናት አልቀረም፤ ከበሮውንም የመታው እርሱ ነው።